ሸርጣኖቼና በራችንን ያለፈው ጽዋ

ኦገስት ሲጋመስ ስቶክሆልም ዳር፣ ቮርቢ ጎርድ ያሉት ጎረቤቶቼ ከሕንፃችን ፊት ለፊት ባለው ሣር ላይ ረጅም ጠረጴዛ ይዘረጋሉ። የወረቀት ፋኖስ ገመድ ላይ ያንጠለጥላሉ፤ ትልልቅ ሰዎች እንደ ሕፃን የወረቀት ቆብ ይደፋሉ፤ ከዚያ የሸርጣን ዘመድ የሆነውን ጅራታም የወንዝ ፍጥረት በጨው ውሃና በእንስላል ቀቅለው፣ ቀይ ሲሆን በእጃቸው እየሰባበሩ ይመጥጡታል። እንፋሎቱ ወደ በረንዳዬ ሲወጣ መስኮቴን እዘጋለሁ። ከታች ያለው ጡረተኛ ጎረቤቴ «ሃይማኖትህ ስለማይፈቅድ ነው አይደል?» ይለኛል። እንዲመስለው እተወዋለሁ። እኔ ግን የምሸሸው ርኩሰቱን አይደለም። የጨው ውሃና የቅርፊት ሽታ አንድ ላይ ሲመጡብኝ አንድ ደሴት፣ አንድ የእንጨት ቤት፣ በተርታ የቆሙ ገንዳዎች ይታዩኛል፤ ከዚያ በኋላ ምሳዬ አይበላልኝም።

ስለ ራሴ ልናገርና ወደ ነገሬ ልግባ። ታደለ እባላለሁ። ትምህርት ቤት የቆየሁት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። የቀረውን ራሴን ያስተማርኩት ራሴ ነኝ፤ ተማሪውም እኔ፣ አስተማሪውም እኔ፣ ሁለቱም ጎበዞች ነበሩ። አዲስ አበባ እያለሁ ጎማ ጠጋኝ ነበርኩ። እዚህ አገር ስገባ ስዊድንኛ የተማርኩት ሌሎቹ በተማሩበት ክፍል ተቀምጬ ሳይሆን፣ በሬዲዮ ለመርከበኞች የሚነበበውን የባሕር አየር ትንበያ በቃሌ እያጠናሁ ነው። ከእኔ ቀድመው ለትምህርት የመጡት ወገኖቼ፣ ክርኑ ላይ ቆዳ የተለጠፈበት ኮት የሚለብሱት፣ አፍሯቸውን እንደ ጃንጥላ የዘረጉት፣ «ዳቦ ግዛ ቢሉት የማይችል ሰው ስለ ነፋስ አቅጣጫ ያወራል» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ይሳቁ። የእነሱ ስዊድንኛ ከመጽሐፍ ጋር ያግባባል፤ የእኔ ከዓሣ አጥማጅ ጋር።

ያኔ ስቶክሆልም ውስጥ ሐበሻ ሐበሻን ሲያይ መንገድ አቋርጦ ሮጦ ነበር የሚሳሳመው። ዛሬ ቴንስታ ገበያ መሐል ትከሻ ለትከሻ እየተጋፋን «ይቅርታ» እንኳ በስዊድንኛ ነው የምንባባለው። ስሉሰን አደባባይ ላይ ማንንም ሳንጠብቅ እንቆም ነበር፤ መቆሙ ራሱ ቀጠሮ ነበር። በቅቤ የተጠበሰ ትንንሽ ዓሣ በጥቁር ዳቦ ላይ አድርገው የሚሸጡባት ጋሪ ነበረች፤ በአምስት ክሮነር ጠግበን እንሄዳለን። ዛሬ በዚያ ገንዘብ ሽታውንም አይሸጡልህም። ካሴት አንዱ ከካርቱም ካመጣ ሁላችንም እየተቀባበልን እንቀዳው ስለነበር፣ መጨረሻ ላይ የደረሰው ሰው ቤት ዘፋኙ ጉንፋን ይዞት የሚዘፍን ይመስላል። አስካለን ያገኘኋት እዚያች ጋሪ አጠገብ ነው። ከትከሻዋ የሰፋ ሰማያዊ ካፖርት ለብሳ፣ ነጠላዋን ከካፖርቱ ሥር እንደ ሻርፕ ጠቅልላ፣ ብርዱ ዓይኗን እያስለቀሳት «ይሄ ዓሣ ጨው የለውም» አለችኝ። ጨው አመጣሁላት። በዓመቱ ተጋባን፤ ሰማያዊው የባቡር መስመር አዲስ ቀለም ቀለም በሚሸትበት ዘመን ቴንስታ ገባን። ሁለት ክፍል፣ ሙቅ ውሃ፣ ከመስኮቱ ሥር የበርች ዛፍ። እሷ ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ትሠራለች፤ እኔ ያገኘሁትን እሠራለሁ።

አንድ ሰመር የሥራ ቢሮው ወደ ደሴት ላከኝ። ከከተማው በመርከብ ግማሽ ቀን የምታስኬድ፣ የባሕር ፍጥረት የሚጠናባት ትንሽ ጣቢያ ነበረች። የተላክሁት ወለል ልጠርግ ነው። ገንዳዎቹን አየር የሚያጠጣው ቱቦ ሲተነፍስ እንደ ጎማ ጠገንኩት። ኃላፊዋ ብሪታ የምትባል፣ ሲጋራ ከአፏ የማይለይ፣ ዓመቱን ሙሉ አንድ ሹራብ የምትለብስ ሴት ነበረች። «ታደለ፣ መጥረጊያውን አስቀምጥና ሸርጣኖቹን ያዝ» አለችኝ። ያዝኩ። እኔ አንድ ነገር ከያዝኩ እንደምን እንደምይዝ የሚያውቅ ያውቃል።

ሸርጣኖቹ የሚመጡት ከምዕራቡ ጠረፍ፣ ወንዝ ባሕር ከሚገባበት አፍ ነው፤ በእርጥብ የባሕር ሣር ተጠቅልለው በሳጥን ይመጣሉ። መዳፍ የሚያህሉ፣ አረንጓዴ፣ ቁጡ። እኛ የምንፈልገው ሴቶቹን ነበር። የወንዝ አፍ ውሃ አይታመንም፤ ባሕሩ ሲገፋ ጨው ይሆናል፣ ዝናብ ሲበዛ የመጠጥ ውሃ ይሆናል። ብሪታ ማወቅ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንዲህ ባለ ውሃ የምትኖር እናት ከአካሏ ምን ያህሉን ለእንቁላሎቿ ትሰጣለች፣ ምን ያህሉንስ ለራሷ ታስቀራለች? ለዚህ ብለን ገንዳዎቹን ደርድረን፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ጨዉን እየቀነስን፣ እናቶቹን አከፋፈልናቸው።

ሸርጣን እንቁላሏን ይዛ አይቶ የማያውቅ ሰው ምን እንደቀረበት አያውቅም። እንደ ዓሣ ጥላው አትሄድም። ከሆዷ ሥር በታጠፈው ጅራቷ ውስጥ፣ ፀጉራም በሆኑ ትንንሽ እግሮች ላይ ታጣብቀዋለች፤ ሰፍነግ የታቀፈች ትመስላለች። መጀመሪያ እንደ ብርቱካን ይቀላል፤ ቆይቶ ቡናማ ይሆናል፤ ሊፈለፈል ሲል ይጠቁራል። ጥቁረቱን በአጉሊ መነጽር ብታየው ዓይን ነው፤ ስፍር ቁጥር የሌለው ዓይን ያይሃል። እናቲቱ በእግሮቿ ጫፍ ትነሣና ንጹሕ ውሃ ታራግብለታለች፤ የሞተውን በጥፍሯ እየለቀመች ታወጣለች። ጨው ያነሰባት እናት ደሞ የደሟን ጨው ላለማስወሰድ ሌት ተቀን ትታገላለች፤ የበላችው በዚያ ትግል ያልቃል፣ ለእንቁላሉ የሚተርፈው ያንሳል። ያነሰውንም ቢሆን ትይዘዋለች። ይህን ብሪታ በቃል ነገረችኝ፤ እኔ ከገንዳ ገንዳ እየዞርኩ በዓይኔ አየሁት።

ለመመዘን ግን መንቀል አለ። እንቁላሉን በወረንጦ ነቅዬ፣ በትንሽ ሳህን ምድጃ ውስጥ አድርቄ እመዝናለሁ፤ ከዚያ እናቲቱን ራሷን አድርቄ እመዝናለሁ። ደስ የሚል ሥራ ነው አልልም። ግን አንዲት ፍሬ ሳያፈርጥ የሚነቅል እጅ በዚያ ጣቢያ ከእኔ ሌላ አልነበረም። እንቁላል የያዘች ሸርጣን ደግሞ ቅዳሜና እሑድ አታውቅም። ከሜይ ጀምሮ ውሃው እስኪቀዘቅዝ ደሴቷ ላይ ነበርኩ፤ ቤቴ ብቅ የምለው አልፎ አልፎ ነው። አስካለን አንድ ጊዜ ወሰድኳት፤ መርከቡ አስታወካት፣ ገንዳዎቹን አየች፣ «እነዚህን ነው ከእኔ የመረጥከው?» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ክረምት ሲገባ የከተማው ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብዬ ስለ ሸርጣን የተጻፈውን ሁሉ መዝገበ ቃላት ይዤ እፈለፍላለሁ፤ ቤት ስገባ እሷ ለጠዋት ሥራዋ ተኝታለች። በሦስተኛው ሰመር ብሪታ ጠራችኝና «ከመጸው ጀምሮ ቋሚ ትሆናለህ። የሚመጡትን ወጣቶች የምታሠለጥነው አንተ ነህ። ስምህን በር ላይ እጽፈዋለሁ» አለችኝ። ስሜን በር ላይ! ጎማ ጠጋኙ ታደለ፣ በስዊድን አገር፣ በር ላይ።

ልጅ አልመጣልንም ነበር። አስካለ ስለዚህ ብዙ አትናገርም፤ ግን የሴቶቹ የማርያም ማኅበር አንድም ጊዜ አያመልጣትም። ማኅበሩ በወር አንድ ጊዜ ከቤት ቤት ይዞራል። ጸሎት ይደረጋል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ጠላ ይጠጣል፤ ሲያበቃ ተረኛዋ ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ሸፍና በእልልታ ወደ ቤቷ ይዛው ትሄዳለች፤ እስከሚመጣው ወር እዚያ ያድራል። ልጅ ያጣች ሴት ጽዋው ቤቷ ሲያድር ስለት ትሳላለች፤ ሁሉም ይጸልዩላታል። የማኅበሩ ሙሴ እትዬ ዘውዴ ነበሩ፤ ድምፃቸው ከቴንስታ እስከ ማዕከላዊው ጣቢያ የሚሰማ፣ ቁመታቸው አጭር፣ ነገራቸው ረጅም። በዚያው ሰመር የአስካለ ተራ ደረሰ። እኔም እምቢ የማልል ሰው ነኝና ከደሴቷ ለሁለት ቀን ፈቃድ ጠይቄ መጣሁ፤ ቤቱን ቀለም ቀባሁ፤ ጽዋውን የምናመጣበት መኪና ተዋስኩ። የዘመኑ ፋሽን የሆነውን ኮሌታው ሰፊ ሸሚዝ፣ ከታች የሚሰፋውን ሱሪ አድርጌ፣ ማኅበሩ ከተሰበሰበበት ሕንፃ በር ላይ ሞተሩን ሳላጠፋ ቆምኩ።

እልልታው ተሰማ። በሩ ተከፈተ። ነጩን ጨርቅ የያዘችው አልማዝ የምትባለው ነበረች። አስካለ ከሁሉም ኋላ ባዶ እጇን ወጣች።

«ጽዋው የታለ?» አልኳት።

«ለአልማዝ ሰጡት።»

«ተራው ያንቺ አይደለም እንዴ?»

መኪናው ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋች። እኔ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ ወጣሁ። እትዬ ዘውዴ በሩ ላይ ነበሩ፣ የሚጠብቁኝ ይመስል።

«እትዬ ዘውዴ፣ ምን በድለን ነው?»

«ስትሠራ የምትውለውን አንተ ታውቃለህ።»

«የመንግሥት ሥራ ነው የምሠራው።»

«ክንፍና ቅርፊት የሌለውን ርኩስ ስትዳብስ ትውላለህ። መዳበስህ ሳያንስ የእናት እንቁላል ከሆዷ ትነቅላለህ። እስቲ አንተው ፍረድ፣ ይሄ ማርያም ፊት ያስኬዳል?»

«አልበላሁትም! ኦሪት የከለከለው መብላቱን ነው።»

«በድኑንም አትንኩ ይላል። እዚያው ገጽ ላይ ነው። አንተ አንባቢ አይደለህም እንዴ?»

ከውስጥ አንዷ «የሸርጣን አዋላጅ!» አለች። ሴቶቹ ሳቁ። ሳቁ ደረጃውን ወርጄ እስክጨርስ ተከተለኝ። መኪናው ውስጥ አስካለ ፊቷን ወደ መስኮቱ አድርጋለች።

«ተያቸው» አልኳት። «እኛ ሁለታችን እንበቃለን።»

«አንተ ትበቃ ይሆናል» አለችኝ።

ሰው ሊንቀኝ ይችላል፤ ተንቄ ነው የኖርኩት፣ ለምጄዋለሁ። ቤቴን ሲንቁት ግን፣ ሚስቴ ባዶ እጇን በሰው ፊት ደረጃ ስትወርድ፣ ያንን አልችልም። ወደ ደሴቷ ስመለስ ሁለት ነገር በልቤ ይመዘን ነበር፤ በአንድ ወገን በሩ ላይ የሚጻፈው ስሜ፣ በሌላው ወገን ለአስካለ የተከለከለችው ጽዋ። ሳምንት ሳይሞላ ብሪታ ዘንድ ገብቼ «እለቃለሁ» አልኳት።

«ለምን?»

«ቤተሰብ።»

ሲጋራዋን ከአፏ አወጣች፤ ከዚያ በፊት ያንን ስታደርግ አይቻት አላውቅም። «ሲንድ» አለች፤ ያሳዝናል ማለቷ ነው። በመጨረሻው ገንዳ ውስጥ እንቁላሏ ድፍን ጥቁር የሆነባት አንዲት እናት ነበረች፤ ልትፈለፍል የቀራት ትንሽ ነበር። በሰመሩ ሁሉ ያንን ቀን ስጠብቅ ነበር። የመርከቡ ፊሽካ ተነፋና ሳላየው ሄድኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወቴ ዮርድብሩ ይባላል። የዕቃ መጋዘን ነው፤ እዚህ «ላገር» የምንለው። የወረቀት ካርቶን በፎርክሊፍት ወደ ላይ ሰቅዬ፣ ነገ ያንኑ ካርቶን ወደ ታች አወርዳለሁ። ጎበዝ ነበርኩ፤ መደርደሪያ ነካክቼ አላውቅም፤ ግን ካርቶን ዓይን የለውም፣ አይፈለፈልም። በየምሽቱ ቤቴ ነበርኩ። በዓመቱ ብስራት ተወለደች። ጽዋው ቀድሞ ተመልሶልን ነበር፤ ሥራዬን እንደለቀቅሁ እትዬ ዘውዴ ራሳቸው በጃቸው ይዘውት መጡ። ልጅቷ በተወለደች ጊዜ ደግሞ የሴቶቹ እልልታ የስዊድን ጎረቤቶቼን በር አስከፈተ። እትዬ ዘውዴ ሕፃኗን ክንዴ ላይ አስቀመጡና «አየህ?» አሉኝ።

ያቺ «አየህ» ዕድሜ ልኬን አልወጣችልኝም። በመጽሐፍ ልከራከር እችላለሁ፤ ሸርጣን ከሰው ማህፀን ጋር ምን እንደማያገናኘው በአራት ቋንቋ ማስረዳት እችላለሁ። ነገር ግን ልጄ ክንዴ ላይ ተኝታ እንዴት ልከራከር? በየሠርጉ፣ በየለቅሶው፣ በየክርስትናው ያንን ታሪክ ሲያወሩት እሰማለሁ፤ ታደለ ርኩሱን ሥራ ተወ፣ ማርያም ልጅ ሰጠችው። ከዚያ ቀን ወዲያ እትዬ ዘውዴ ባሉበት ጀርባዬን እሰጣለሁ። አስካለ «ተው፣ ታዴ፣ ትልቅ ሴት ናቸው» ትለኛለች። «በደንቆሮ ሴቶች ወሬ የሕይወቴን ሥራ ተነጠቅሁ» እላታለሁ። ትሰማኛለች፤ ሳህን ታነሣለች፤ ወሬ ትቀይራለች። ብስራት አደገች፣ የጥርስ ሐኪም ሆነች፤ እኔ በአማርኛ እጠይቃታለሁ፣ እሷ በስዊድንኛ ትመልስልኛለች። ቮርቢ ጎርድ ገባን። አስካለ ከሁለት ክረምት በፊት አረፈች። በቀብሯ ላይ እትዬ ዘውዴ በሚገፉት ጋሪ ተደግፈው መጡ፤ እኔ ዞር አልኩ።

ባለፈው ቅዳሜ ብስራት ምሳ ጠርታኝ ቀዩን የባቡር መስመር ያዝኩ። ባቡሩ ውስጥ ገና ከመቀመጤ፣

«አንተ ታደለ! ዛሬም ጀርባህን ልትሰጠኝ ነው? ባቡር ውስጥ እኮ ነን፣ የት ልትገባ?»

እትዬ ዘውዴ ናቸው። ጋሪያቸውን በጉልበታቸው መሐል ይዘው፣ ሽበታቸውን በጥቁር ሻሽ አስረው ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል።

«እንደምን አሉ፣ እትዬ ዘውዴ?»

«ጉልበቴ ሄደ እንጂ እኔ አለሁ። አንተስ? ያው ኩራትህ አለ አይደል? እሱ ካለ አንተም አለህ።»

«ኩራት ሳይሆን ቅሬታ ነው» አልኩ። የዘመናት ቃል ጉሮሮዬ ላይ ተሰልፎ መጣ። «እርስዎ በአጉል እምነትዎ ሥራዬን አስጣሉኝ። አንድ ትልቅ ነገር ልሆን ነበር። ካርቶን ሲሸከም የኖረ ሰው አደረጉኝ። ይህን ሳልነግርዎ መሞት አልፈልግም።»

ፊታቸው ቀላ። «ምን አልክ? አጉል እምነት? እኔ?»

«እርስዎ።»

«አንተ ሰውዬ፣ እኔ እኮ አገሬ ላይ አዋላጅ ነርስ ነበርኩ።»

ነርስ እንደነበሩ ሰምቼ ነበር። እዚህ ሲመጣ አንድ ትልቅ ነገር ነበርኩ የማይል ስለሌለ አላመንኩም ነበር።

«በዚህ እጄ ስንት ሰው ተቀብያለሁ መሰለህ? ሸርጣን ስለነኩ ማህፀን ይዘጋል ብዬ የማምን መሰልኩህ? አልቻልኩም ከእንግዲህ! ስትሰድበኝ ቻልኩ፣ ጀርባህን ስትሰጠኝ ቻልኩ። እሷም አረፈች፣ ነፍሷን ይማር፣ መሐላውም አብሯት ይውረድ። አስካለ ናት ለምና ያስደረገችን።»

«ምን አስደረገች?»

«ጽዋው ይለፈኝ ብላ። ማጀቴ ውስጥ ተንበርክካ። ሐኪም ቤት ሄዳለች፤ ምንም የለብሽም፣ ባልሽ ቤት ሲኖር ሞክሩ ነው ያሏት። ባልሽ ደግሞ ሰመሩን ደሴት ላይ፣ ክረምቱን መጽሐፍ ላይ! ዕድሜዋ ይሄድ ነበር፣ ታደለ። ልጅ በስልክ አይመጣም።»

«ለምን ለእኔ አልነገረችኝም?»

«ነግራሃለች። ‹አሁን ሸርጣኗ ልትፈለፍል ነው› አልካት።»

ባቡሩ ዋሻ ውስጥ ገባና መስኮቱ ጠቆረ። ያንን ቃል ማለቴን አላስታውስም። አላልኩም ማለትም አልቻልኩም፤ ቃሉ እንደ እኔ ነው የሚናገረው።

«‹ብለምነው አይሰማም፣ ባስረዳው ይከራከራል፣ ባለቅስ ያባብለኝና ይሄዳል› አለች። ‹ታዴ የሚሰማው ሲናቅ ብቻ ነው፣ ቤቱን ናቁበት› አለች። የኦሪቱን ገጽ ያሳየችኝም እሷ ናት። በማርያም አስማለችን፣ ሁላችንንም።»

«አልማዝንም?»

«አልማዝንም። ‹የሸርጣን አዋላጅ› ያለችህ ግን ከራሷ ጨምራ ነው። እሱን አስካለ አላዘዘቻትም፤ እንዲያውም ተቆጥታታለች።»

ሊልየሆልመን ጣቢያ ላይ ተነሡ። ጋሪያቸውን ይዤ አወረድኩላቸው፤ ሳላስበው ነው ያደረግሁት። ከባቡሩ ውጭ ሆነው «ደንቆሮ ስትለኝ የኖርከውን ለንስሐ አባትህ ንገር» አሉኝ፤ በሩ ተዘጋ።

ይቅር አልኩ ብዬ ብጽፍ ውሸት ይሆናል። ንዴቴ አልጠፋም፤ የሚያርፍበት ሰው ጠፋ እንጂ። ያንን ሁሉ ዘመን የጠላሁት የማይገባውን ሰው ነበር፤ የሚገባት ደግሞ እንዳልጣላት መሬት ውስጥ ናት። እኔ ለሚስቴ ክብር ብዬ ትልቅ ነገር ሠዋሁ እያልኩ በኩራት ኖርኩ፤ እሷ ከጎኔ ተኝታ ያንን ስትሰማ ትኖር ነበር። አንድም ቀን «ታዴ፣ ነገሩ እንዲህ ነው» አላለችኝም። ልጅ ስለወለደች ነው? ስለፈራችኝ ነው? ወይስ ኩራቴ አንድ የቀረኝ ነገር ስለሆነ ልትነካብኝ አልፈለገችም? ይህን የምጠይቀው ሰው የለኝም። ከሁሉም የሚያቃጥለኝ ደግሞ ልክ መሆኗ ነው። አወቀችኝ። ብናቅ እንደምሰማ አወቀች።

ብስራት የምትኖረው ሆርንስቱል ነው፤ ከጣቢያው ብዙ አያስኬድም። ምሳ በላን። ዓሣ ነበር፤ ጨው አንሶታል፣ አልተናገርኩም። ልጆቿ ከአባታቸው ጋር ኳስ ሜዳ ሄደዋል። ሳህኖቹን ስታነሣ ነገርኳት፤ ባቡሩን፣ እትዬ ዘውዴን፣ ጽዋውን፣ የእናቷን ልመና። ስናገር ድምፄ ከፍ እያለ ሄደ። እሷ ሳህን በሳህን ላይ እየደረበች ሰማችኝ።

«ያግ ቬት፣ ፓፓ» አለችኝ። አውቃለሁ ማለቷ ነው።

«እንዴት ታውቂያለሽ?»

እናቷ በታመመችበት ክረምት አልጋዋ አጠገብ ተቀምጣ ሳለ እንደነገረቻት አወራችኝ፤ በስዊድንኛ፣ ቀስ ብላ፣ ለበሽተኛ እንደሚወራ። ሁሉም ያውቅ ነበር ማለት ነው። ልጄ፣ ማኅበሩ በሙሉ፣ አልማዝ እንኳ። ሁሉን አነባለሁ፣ ሁሉን ጠይቄ እረዳለሁ የምለው እኔ ብቻ ነኝ ያልሰማሁት።

«ተጫወተችብኝ» አልኩ። «እናትሽ ዕድሜ ልኳን ተጫወተችብኝ። በግልጽ ልትነግረኝ ይገባ ነበር።»

ብስራት ሳህኖቹን ገበታው ላይ አስቀመጠች። የእናቷ ግንባር ነው ያላት፤ ስታስብ መሐሉ ላይ አንድ መስመር ይወጣል። ከዚያ ከሕፃንነቷ ወዲህ ብዙም ባልሰማሁት አማርኛ፣ እየተሰበረባት፣ ቃሉን እየፈለገች ጠየቀችኝ።

«በግልጽ... ብትነግርህ ኖሮ፣ ደሴቱን ትተወው ነበር?»

እኔ መልስ የሚያጥረኝ ሰው አይደለሁም። የጠየቀችኝ ልጅ ፊቴ ቆማለች፤ እጇ እርጥብ ነው፣ ዓይኗ ዓይኔ ላይ ነው፤ የሚፈለገው አንዲት አጭር ቃል ናት። አፌን ከፈትኩ።

ብስራት ትንሽ ጠበቀችኝ። ከዚያ ዞር ብላ ቧንቧውን ከፈተችና ሳህኖቹን ማጠብ ጀመረች።